የላይ ሰፈር አማላጅ

የአያ ጥጋቡን ሞት የሰማሁት መካነ ኢየሱስ መናኸሪያ ውስጥ፣ ከአንድ የሚኒባስ ረዳት አፍ ነው። ልጄ ወልዳ እሷን ልጠይቅ ሄጄ ከርሜ ነበር፤ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ስልኩም ሲጠፋ ሲመጣ ከቤት አንድ ወሬ ሳይደርሰኝ ቆየ። ረዳቱ የእኛ ከተማ ልጅ ነው። ሻንጣዬን ወደ መኪናው አናት እየወረወረ፣ «አያ ጥጋቡን ቀበርናቸው እኮ፣ አልሰሙም?» አለኝ። በአገራችን መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ በር አንኳኩቶ፣ ሰውየውን አስቀምጦ ነው የሚነገር። ይኸኛው ግን ቆሎውን እየቆረጠመ ነገረኝና፣ «የኋላ ወንበር ባዶ ነው፣ ይግቡ» አለ።

ገብቼ ተቀመጥሁ፤ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ አለቀስሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሳቄ መጣ። አያ ጥጋቡ ቢሰሙ ኖሮ ያን ልጅ እንዴት አድርገው ይመክሩት እንደነበር ታየኝ። «ነገር ቀን አለው፤ ቀኑን ካላወቅህ ነገሩን አትንካው» ይሉ ነበር። ለዚህች አንዲት ትምህርት ዕድሜያቸውን ሙሉ የተጉ ሰው ናቸው።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የከተማችን ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። ጠረጴዛዬ ከሥራ አስኪያጁ በር ፊት ለፊት ነው። ሥራ አስኪያጆች መጡ ሄዱ፤ አንዳንዱ ስሙን ሳልለምድለት ተነሣ። እኔና በሩ ቀረን። በዚያ በር የማይመጣ ጉዳይ የለም፤ ቦታ የፈለገ፣ ግብር የበዛበት፣ ጎረቤቱ ያጠረበት፣ አንዳንዱም ምን እንደሚፈልግ ሳያውቅ ሹም ለማየት ብቻ የመጣ። ከዚህ ሁሉ ደጅ ጠኚ መካከል አንድም ቀን ጉዳይ አለኝ ሳይሉ ጉዳያቸው ሁሉ የሚፈጸም ሰው አንድ ነበሩ።

አያ ጥጋቡ ላይ ሰፈር ሱቅ አላቸው። ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ የበር ማጠፊያ፣ ጨውም ይሸጣሉ፤ አሞሌውን ሳይሆን ዛሬ በከረጢት የሚመጣውን። አጠር ያሉ፣ ኮታቸው በሁለቱም ኪስ ያበጠ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ቁም ነገር ሊናገሩ ሲሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ባርኔጣው ተመልሶ ጭንቅላታቸው ላይ ከወጣ ነገሩ አልቋል፤ ከዚያ በኋላ ብትለምናቸውም ስለ ዝናቡ እንጂ ስለ ጉዳዩ አያወሩም። የላይ ሰፈር ነጋዴዎች የሚካኤል ጽዋ ማኅበር አላቸው፤ በወር በወር፣ ቀኑ በሚካኤል ዕለት፣ በየተራ ቤት ይጠጣል። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት አለቃው፣ እሳቸው ነበሩ።

ጉቦ አይወዱም። «ጉቦ የሰነፍ አማላጅ ነው» ይላሉ። «ሹምን አትለምነው፤ አስለምደው።» እንዴት እንደሚያስለምዱ አንዱን ልንገራችሁ። ለከተማችን አንድ ትራንስፎርመር ብቻ የመጣለት ጊዜ ነበር። ታች ሰፈርም ላይ ሰፈርም ፈልጎታል። የታች ሰፈር ሰዎች ፊርማ አሰባስበው፣ ሽማግሌ አሰልፈው፣ ጮኸው ሄዱ። አያ ጥጋቡ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ከዚያ በፊት ግን የጊዜው ሥራ አስኪያጅ ገና ሲመጣ ቤት ፈልገውለት ነበር፤ ጥሩ ቤት፣ ርካሽ ቤት፣ ላይ ሰፈር። ሰውየው ሁለት ክረምት በኩራዝ ከተቀመጠ በኋላ ትራንስፎርመሩ የት ይተከል ቢባል ምን ይላል? ላይ ሰፈር ተተከለ። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ፣ «አያ ጥጋቡ፣ ጉድ ሠርተዋቸዋል ታች ሰፈሮችን» ብላቸው፣ «ኧረ እታለም፣ እኔ መቼ መብራት ጠየቅሁ? እኔ ቤት ነው የፈለግሁለት» አሉ። ባለቤቴ እህል ነጋዴ ነው፤ ቤታችንም ላይ ሰፈር ነው። እኔም በዚያ መብራት ነው ሽሮዬን የማማስል። ስለዚህ ብዙም አልተናገርሁ።

ሹም ሐዘን ሲደርስበት መጀመሪያ የሚደርሱ እሳቸው ናቸው። አንዱ ሥራ አስኪያጅ አባቱ ጋይንት ሞተውበት፣ እሳቸው ከዘመድ ቀድመው ቀብር ቆመው ተገኙ። ሲመለሱም ስለዚህ አላወሩም። ውለታ የሚነገር ከሆነ ውለታ አይደለም ባይ ናቸው። ቆይቶ ግን የላይ ሰፈር ጉዳይ ሲነሣ ሰውየው ራሱ፣ «የነአያ ጥጋቡን እስቲ አምጪው» ይለኛል። እኔ አንዳንዴ እቀና፣ አንዳንዴ እናደድ ነበር። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ እሳቸው ግን ሳያርሱ የሚያጭዱ ሰው ነበሩ።

እንዲህ እያሉ ኖረው ነው የከብት ገበያው ነገር የመጣ።

የከብት ገበያችን ታች ሰፈር፣ ወንዙ ዳር ነበር። ከእስቴ ወገን የሚመጣውም፣ ከስማዳ ወገን ዳገቱን ታግሎ የሚመጣውም ገበሬ ቅዳሜ ቅዳሜ መጀመሪያ ከብቱን ውሃ ያጠጣል፤ ትንሽ ያሳርፋል፤ ከዚያ ገበያ ያስገባል። የላይ ሰፈር ነጋዴዎች ገበያው ወደ ላይ ሜዳ ይምጣልን አሉ። አንደበታቸው ፈንቴ ነው። ፈንቴ ከብት ገዝቶ በአይሱዙ ወደ ባሕር ዳር የሚጭን ጎልማሳ ነው፤ «ታች ጭቃ ነው፣ መኪና ይውጣል» ይላል። እውነቱን ነው፣ ክረምት ሲገባ ይውጣል። ግን ላይ ሜዳ ውሃ የለም፤ አቀበቱም ሌላ አቀበት ነው።

አያ ጥጋቡ በዚህ ጉዳይ ልማዳቸውን ሳቱ። ሌላውን ጊዜ ነገሩ ሳያልቅ እጃቸውን አያስገቡም። አሁን ግን ባሕር ዛፋቸውን አስቆርጠው፣ የሱቁን ዕቃ ግማሹን አራግፈው፣ ላይ ሜዳው ጠርዝ ላይ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ከነሰፊ ግቢው ሠሩ። ገበያው ሲመጣ እንግዳው ክፍሉን፣ ከብቱ ግቢውን ሊከራይ ነው። ያላቸው ሁሉ እዚያ ገባ። ባለቤታቸው እትዬ ይታይሽ፣ «ላሟ ሳትገዛ ማለቢያውን ሠራህ?» አለቻቸው፤ እኔ ባለሁበት ነው። «ትመጣለች» አሉ በአጭሩ።

በመካከሉ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ደስታው ይባላል። የጋይንት ሰው ነው፣ የድጓ ትምህርት ቤት ካለባት ከቤተ ልሔም አጠገብ፤ አባቱ መሪጌታ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት ቤተ ክርስቲያን ያደገ፣ ቀጭን፣ ዓይን አፋር ልጅ ነው። ቤት ቢፈልጉለት የመንግሥት ቤት ይበቃኛል አለ። ምሳ ቢጋብዙት ጾም ነው አለ። አያ ጥጋቡ ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፈው፣ «እታለም፣ ይኸ ልጅ መያዣ የለውም» አሉኝ። እንዲህ ሲቸገሩ አይቻቸው አላውቅም፤ ደስ አለኝ።

መያዣው ተገኘ። ልጁ ራሱ አንድ ቀን ዘበኛውን፣ «እዚህ አገር የሚካኤል ጽዋ የት ይጠጣል?» ብሎ ጠየቀው። የአባቱ ቤት ናፍቆት ይሆናል። ወሬው ሳያድር አያ ጥጋቡ ጆሮ ገባ፤ በሚቀጥለው ሚካኤል ደስታው ማኅበሩ ውስጥ ተቀመጠ። አዲስ ሰው ሲገባ ሙሴው ቆሞ የማኅበሩን ቃል ይናገራል፦ ማኅበርተኛ ማኅበርተኛውን ዳኛ ፊት አያቆምም፤ ቅር ያለው በጽዋው ዕለት ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል፣ ከዚያ ያልፋል። ደስታው ጽዋውን ተሳልሞ ቃሉን ተቀበለ። ባለቤቴ ከዚያ ሲመለስ በሬው በረት እንደገባለት ሰው እየሳቀ፣ «ገባ!» አለኝ። እኔ ግን ለልጁ አዘንሁለት።

ከዚያ በኋላ የላይ ሰፈር ሰው በየቀኑ ቢሮ ነው። ሰኞ ፈንቴ፣ ማክሰኞ የሆቴል ባለቤቱ፣ ረቡዕ ሁሉም በአንድነት። ደስታው ሁሉንም ይሰማል፣ ይጽፋል፣ «እናያለን» ይላል። አንድ ዓርብ ከሥራ ልንወጣ ስንል፣ «እትዬ፣ ነገ ቢሮውን ይክፈቱልኝ» አለኝ።

«ነገ እኮ ቅዳሜ ነው።»

«አውቃለሁ። እስካሁን አንድ ገበሬ በዚህ በር ሲገባ አላየሁም። ገበሬው ከተማ የሚመጣ ቅዳሜ ነው፤ እኛ ደግሞ ቅዳሜ ዝግ ነን።»

ልብሴን የማጥበው ቅዳሜ ነው። አጉረመረምሁ፤ ግን ከፈትሁ። ዘበኛው ገበያ ወርዶ ለፈፈ፤ ከረፋድ በኋላ ኮሪደሩ በገበሬ ዱላና በእርጥብ ጋቢ ሽታ ሞላ። መጀመሪያ ማንም አልተናገረም፤ ሹም ፊት መቆም አልለመዱም። ኋላ አንዲት አሮጊት ጊደሯን ውጭ ለሰው አስይዛ ገባችና፣ «ልጄ፣ እኔ ልናገር» አለች። «ውሃ ያልጠጣ ከብት ሆዱ ይገባል። ሆዱ የገባ ከብት ደግሞ የታመመ ነው ይሉናል፤ በግማሽ ይጠይቁናል። ተይዞ አይኼድ፣ ዳገቱን ወጥቶ ደክሞታል፤ መልሰን ቤታችን አንነዳው። በጠየቁን እንሸጣለን። እናንተ ገበያውን አይደለም የምትወስዱብን፣ ውሃውን ነው።» ፈንቴ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ዓይኑን ወደ ውጭ አደረገ።

አያ ጥጋቡም ከኋላ ነበሩ። ከብት ነግደው ስለማያውቁ ይኸን የሆድ ነገር አልሰሙም ኖሯል። ባርኔጣቸው እጃቸው ላይ ነበር፤ ሲወጡም አላደረጉት።

በሚቀጥለው ሳምንት ውሳኔው ተለጠፈ፤ ጽፌ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ገበያው ወንዙ ዳር ይቆያል፤ ለመኪናው ጠጠር ይፈስስለታል።

የዚያ ወር ሚካኤል ተራው የእኛ ቤት ነበር። ጠላውን ጠምቄ፣ ዳቦውን ደፍቼ፣ የሆነውን ሁሉ ከጓዳ በር ሆኜ አየሁ። ቄሱ ባርከው ጸበል ጸዲቁን ቀምሰው ሄዱ። ደስታው ገና አልመጣም። ፈንቴ ነው የጀመረ።

«ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል። ይኸ ሰውዬ ከእኛ ጋር በልቶ ለማን ጮኸ?»

ሌላው ተቀበለ። ሌላው ጨመረ። መጨረሻ ላይ ምክሩ አንድ ሆነ፤ ደብረ ታቦር ዞኑ ድረስ ሄደው ሊከሱት ነው። ክሱ ምንድን ነው ቢባል፣ ያለ ፈቃድ ሕዝብ ሰብስቧል። በዚህ ባለንበት ጊዜ ሕዝብ ሰብስቧል የተባለ ሰው ምን እንደሚደርስበት እዚያ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። ከሥራ መባረር ብቻ አይደለም። 

አያ ጥጋቡ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ማኅበርተኛ ነው» አሉ።

«እናስወጣዋ!» አለ ፈንቴ። «ዛሬ ከማኅበር እናስወጣው፤ ነገ እንክሰሰው። ምን ቸገረን?»

ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ባለቤቴም ነቀነቀ፤ አየሁት።

«ለመክሰስ ብለን ካስወጣነው» አሉ አያ ጥጋቡ፣ «ያስገባነውም ለመያዝ ብለን ነበር ማለት ነው። እንዲያ ነበር እንዴ?»

 ሁሉም ዋንጫውን ያያል።

«እንግዲያው እኔ ልናገር። እንዲያ ነበር። ያስገባሁት እኔ ነኝ። የሚካኤልን ጽዋ ገመድ አድርጌ ልጁን አሰርሁበት። ገመዱ ግን ሁለት ጫፍ አለው፤ ለካ የእኛንም እጅ አስሯል። ቃሉ ለእሱ ብቻ አልተነገረም። ከአሁን በኋላ ይኸን ልጅ የሚከስ ሰው እኔን አስወጥቶ ነው።»

«ያንቱ ቤትስ?» አለ ፈንቴ። «ያ ሁሉ ቆርቆሮ ሊዝግ ነው?»

«ይዛግ።»

ይኸን ሲሉ እንዴት እንዳሉት መጻፍ አልችልም። ጀግና ለመምሰል አላሉትም። ጥርሱን ለማስነቀል አፉን እንደከፈተ ሰው፣ ተጨንቀው ነው ያሉት። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

ያን ጊዜ ደስታው በዝናብ ርሶ ገባ።  አያ ጥጋቡ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡትና፣ «ልንከስህ ስንመክር ነበር» አሉት፤ እንደዚሁ፣ በፊቱ።

«መብታችሁ ነው» አለ ልጁ ቀስ ብሎ።

«መብታችንማ አይደለም። ማኅበርተኛ ነህ። ቅጂለት እንጂ እታለም፣ ልጁ በርዶታል» አሉና ባርኔጣቸውን አደረጉ።

ማንም አልከሰሰም። ግን ዋጋውን አያ ጥጋቡ ከፈሉ። ማኅበርተኛው አንድ በአንድ ሹልክ እያለ፣ ፈንቴ ያቋቋመው የገብርኤል ማኅበር ገባ። ባለቤቴም ሊሄድ ሲያሰላ፣ «ሂድ፤ የማኅበርህን ጠላ ግን ሌላ ሚስት ፈልገህ አስጠምቅ» አልሁት፤ ቀረ። የላይ ሰፈር ሰው ሚስማር ከሌላ ሱቅ መግዛት ጀመረ። ረጅሙ የቆርቆሮ ቤት ባዶውን ከረመ፤ ኋላ ከገጠር ለሚመጡ ተማሪዎች አከራዩት። ተማሪ ምን ይከፍላል? እትዬ ይታይሽ ስንት ጊዜ ኪራዩን በሽንብራ ተቀብላ ሱቁ ውስጥ ስትለካ አግኝቻታለሁ። የተማሪዎቹ አባቶች ቅዳሜ ስንቅ ይዘው ሲመጡ ግን ሱቁ በር ላይ ይሰበሰባሉ፤ አያ ጥጋቡ መካከል ተቀምጠው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ከብቱ ሲጠይቁ ይውላሉ። ሰው ሲጠይቁ አይቻለሁ፤ እንዲህ ለምንም ሳይሆን ሲጠይቁ ግን ያን ጊዜ ነው ያየሁ።

ደስታው ተዛወረ። በምትኩ የመጣው ሰው ፈገግታ የማይለየው፣ ጨዋ ሰው ነው። ጨዋነቱን አልክድም። ሰውየው ገና ሳይመጣ ፈንቴ አውቆታል፤ የት እንዳወቀው አልጠየቅሁም። የገብርኤል ማኅበር ውስጥ ለመቀመጥ ወር አልፈጀበትም። ከዚያ የገበያው መዝገብ ከመደርደሪያ ወረደ። በሥራ አስኪያጁና በፈንቴ መካከል ነገሩ ማለቁን እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ፤ የቀረው መለጠፍ ብቻ ነበር።

ሮጬ አልሄድሁም እንጂ ለአያ ጥጋቡ ለመንገር ቸኩያለሁ። ገበያው ከመጣ ያ ቤት ወርቅ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ውርደት በኋላ እግዜር ካሳቸው ብያለሁ። እሳቸው ግን ቀድመው ሰምተዋል፤ ምን የማይሰሙት ነበረ? እንዲያውም እሳቸው ወደ እኔ መጡ። ጠረጴዛዬ ፊት ያለችው ወንበር ላይ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ቤቱን ልሸጠው ነው» አሉ።

«አብደዋል እንዴ? ገበያው እኮ ሊመጣልዎት ነው!»

«አውቃለሁ። ሳይመጣ ልሽጠው ብዬ ነው።»

 ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስሚኝ እታለም። ገብቼ ለዚህ ሰውዬ ገበያው እዚያው ይቅር ልለው ነው። ዕድሜዬን በሙሉ በሩ ላይ ለሚደርስ ሰው አማለድሁ፤ ለማይደርሰው አንድ ቀን ላማልድ። ግን እኔ ራሴን አውቀዋለሁ። ትናንት ሱቅ ዘግቼ የምናገረውን ለብቻዬ ሞከርሁት። ትንሽ እንደተናገርሁ ‹ግን ደግሞ› ማለት ጀመርሁ። ያ ቤት ነው ‹ግን ደግሞ› የሚያሰኘኝ። ቤቱ እያለ አፌ አይፈታም።»

«ሸጠው አልሰማም ቢሉዎትስ?»

«አይሰማኝም ይሆናል። ለይታይሽ እንዳትነግሪያት። እኔው እነግራታለሁ።»

ሸጡት። የገዛው ፈንቴ ነው፤ በርካሽ፣ ደስ ብሎት። ከዚያ በሥራ ቀን፣ ንጹሕ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ሁለት ሽማግሌ ገበሬ አስከትለው መጡ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሰማኋቸው። ስለ ወንዙ፣ ስለ ዳገቱ፣ ስለ ከብቱ ሆድ ተናገሩ። አንድም ጊዜ ‹ግን ደግሞ› አላሉም። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ የሰማኋቸው ሰው ናቸው፤ እንዲያ አምሮባቸው ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

ሲወጡ፣ «ምን አሉዎት?» አልሁ።

«ሻይ ጋበዘኝ።»

«መቼም ደግ ነው።»

«ሻይ ከመጣ አልቋል በይ። እኔም ጉዳዩን ለማልፈጽምለት ሰው ሁልጊዜ ሻይ ነበር የማዝለት» ብለው ሳቁ። ሁለቱ ገበሬዎች ሳይገባቸው አብረው ሳቁ።

ገበያው ወደ ላይ ሜዳ ወጣ። የፈንቴ ቤት፣ ማለት የእሳቸው የነበረው ቤት፣ ሞላ ተረፈ፤ ሌላ ተቀጠለበት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከብቱ ምላሱን አውጥቶ በሱቃቸው በር ያልፋል። እሳቸው አንድ በርሜል ውሃ በር ላይ አደረጉ፤ ለዚያ ሁሉ ከብት አንድ በርሜል ምን ሊሆን። ጎረቤት ፋንድያው አስቸገረን እያለ ያማቸው ነበር። ከተማው ግን በአንድ ነገር ተስማማ፤ ያ ሁሉ ብልሃት የነበራቸው ሰውዬ በስተርጅና ተሞኙ፣ ፈንቴ በላቸው ተባለ። ልጆች ሳይቀሩ ይኸን ያወራሉ። እሳቸው ሲሰሙ ስለ ዝናቡ ያወራሉ።

ከመካነ ኢየሱስ ተመልሼ ከተማችን ስደርስ፣ ከመናኸሪያው በቀጥታ የአያ ጥጋቡ ቤት ሄድሁ። ቀብሩ ካለፈ ቆይቷል፤ ድንኳኑ ፈርሷል፤ እትዬ ይታይሽ ለብቻዋ መደብ ላይ ተቀምጣለች። ሰፈርተኛው ነገሩን በመንገድ ላይ ነግሮኝ ነበር፤ አላለቀሰችም። በቀብሩም አላለቀሰች፣ በሠልስቱም አላለቀሰች። ሰው ደነገጠ፣ ኋላም አማት። አቅፌያት እኔ አለቀስሁ፤ እሷ ጀርባዬን ትደበድባለች፣ እኔን ታጽናናኛለች።

«ተቀመጪ እህቴ» አለችኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንቺ በሩ ላይ ነበርሽ። ቤቱን ሲሸጥ ገበያው እንደሚመጣ ያውቅ ነበር?»

ሳይነግሯት ኖሯል የሞቱት። ምን ይሆን ያስፈራቸው? ቤቱ የእሷም ነበር፤ ሳያማክሯት ነው የሸጡት፤ መቆጣት ይገባት ነበር፤ እሳቸውም ያውቁታል። ለሹም ሁሉ ቃል የማያጡት ሰውዬ ለሚስታቸው አጥተዋል። በዚህ እስካሁን ቅር እሰኝባቸዋለሁ።

«ያውቁ ነበር» አልኋት።

«ምን አልሽ?»

«ከሁላችንም ቀድመው ያውቁ ነበር። እኔ ፊት ተቀምጠው ነው የነገሩኝ። ቤቱ ካለኝ ለገበሬው መናገር አልችልም፣ አፌ ይታሰራል ብለው ነው የሸጡት።» የሆነውን ሁሉ፣ ወንበሩን፣ ‹ግን ደግሞ› ያሉትን፣ ሻዩን ነገርኋት።

 ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ።

«አላታለለውም?» አለች። «ፈንቴ አላታለለውም?»

«ማን እሳቸውን ያታልላቸዋል?»

«እኔ እኮ ሞኝ ባል ነው የቀበርሁ እያልሁ…» አለችና አልጨረሰችውም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትከሻዋ ላይ ጣለች፤ ከመደቡ ወርዳ መሬት ተቀመጠች። ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመረች። ጩኸቷን ሰምቶ ጎረቤቱ ሁሉ፣ ገና ዛሬ የሞቱ ይመስል፣ እየሮጠ መጣ።